ነጻ የተባለው ትኬት

በ2016 ነሐሴ ወር (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄፒ ሞርጋን ቼዝ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ሳፋየር ሪዘርቭ የሚል ስም የሰጠውን ክሬዲት ካርድ ለገበያ አቀረበ። ካርዱ ያኔ በዓመት 450 ዶላር ያስከፍል ነበር። ለአንድ ቁራጭ ካርድ ይህን ያህል የሚከፍል ሰው ይገኛል ብሎ የጠበቀ ብዙ አልነበረም። ባንኩ ግን ማማለያ አዘጋጅቶ ነበር፦ ካርዱን ያወጣ ሰው በ3 ወር ውስጥ 4,000 ዶላር ዕቃ ከገዛበት 100,000 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ያ ነጥብ ደግሞ በባንኩ የጉዞ መሸጫ በኩል የ1,500 ዶላር ትኬት ወይም የሆቴል አልጋ ይገዛል። አመልካቹ ከመብዛቱ የተነሳ ካርዱ የሚሠራበት ብረት አለቀና ባንኩ ለጊዜው ፕላስቲክ ካርድ ወደ ማደል ገባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የባንኩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄሚ ዳይመን ካርዱ የሩብ ዓመቱን ትርፍ ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀንሰው ለባለሀብቶች ተናገሩ። የተናገሩት ግን እንደ መርዶ አልነበረም። በጥር ቦነሱ በግማሽ ተቀነሰ፤ ካርዱን በጊዜ ያወጣው አወጣ።

አንድ ባንክ ገና ለማያውቀው ሰው ከሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ነገር የሚያድለው ለምንድን ነው? ሰውዬው ተቀብሎስ ምን ያህሉ በእጁ ይቀራል? ሳምንት በሳምንት አዲስ ካርድ የሚያስተዋውቁ ሰዎች ሁለቱን ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ይዘሏቸዋል፤ አስተዋዋቂዎቹ ራሳቸው ካርድ ባስወጡ ቁጥር ኮሚሽን ያገኛሉና አይገርምም። ይህ ዳሰሳ ከእነዚሁ ጥያቄዎች ይነሳል።

ነገሩ የጀመረው በአየር መንገዶች ነው። በ1981 ግንቦት አሜሪካን ኤርላይንስ አድቫንቴጅ የሚባለውን የደንበኛ ማይል ፕሮግራም ሲከፍት ዩናይትድ በቀናት ልዩነት ተከተለው። ያን ጊዜ ማይል የሚገኘው በመብረር ብቻ ነበር። በ1987 ሲቲባንክ ከአሜሪካን ጋር ተጣምሮ በየዶላሩ ማይል የሚሰጥ ካርድ ካወጣ ወዲህ ግን አውሮፕላን ረግጦ የማያውቅ ሰው ከሱፐርማርኬትና ከነዳጅ ማደያ ማይል መልቀም ቻለ። ዛሬ ከመግዛትም አልፎ፣ ትልቁ ማይል የሚገኘው ካርዱን ገና ሲያወጡ ነው። በዓመት 20,000 ዶላር በካርድ የሚያወጣ ቤተሰብ በየዶላሩ አንድ ነጥብ ቢያገኝ 20,000 ነጥብ ይሰበስባል፤ አንድ ደህና የመግቢያ ቦነስ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ የዚያን ሦስት እጥፍ ይሰጣል። የስልቱ መነሻ ይህ ነው፦ አንዱን ካርድ ይዞ ከመክረም ይልቅ ቦነስን ተከትሎ ከካርድ ወደ ካርድ መሄድ።

ባንኩ ገንዘቡን የሚያገኘው ከሦስት በር ነው። የመጀመሪያው ነጋዴው ነው፦ ደንበኛ በካርድ በከፈለ ቁጥር ከሽያጩ በአማካይ 2 በመቶ ገደማ፣ በጉዞና በቅንጦት ካርዶች ደግሞ ከዚያ በላይ፣ ተቆርጦ ይቀራል። ሁለተኛው ዓመታዊ ክፍያ ነው፤ ይህም በፍጥነት እየጨመረ ነው፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም ካርድ በ2021 ወደ 695፣ በ2025 ደግሞ ወደ 895 ዶላር ከፍ ብሏል። ሦስተኛውና ትልቁ በር ወለድ ነው። በ2024 የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ ከ21 በመቶ በላይ ነበር። ከባለ ካርዶቹ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ዕዳቸውን ከወር ወደ ወር ያሻግራሉ። ስለዚህ ቦነሱ የባንኩ ውርርድ ነው፦ ከአዲሶቹ ደንበኞች ብዙዎቹ ይረሳሉ፣ ይዘገያሉ፣ ዓመታዊ ክፍያውን ዝም ብለው ይከፍላሉ የሚል ውርርድ። የቦነስ ስልት የሚባለው ሁሉ ሲጨመቅ ባንኩን በዚህ ውርርድ መርታት ነው፤ 5,000 ዶላር ዕዳ ለአንድ ዓመት ያሻገረ ሰው ከ1,000 ዶላር በላይ ወለድ ይከፍላል፤ ያኔ ማንም የሚሰጠው ቦነስ ኪሳራውን አይሸፍንለትም።

አየር መንገዶችም በዚህ ገበያ ላይ ተቀምጠዋል። ዴልታ በ2024 ብቻ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ 7.4 ቢሊዮን ዶላር አግኝቷል፤ ባንኩ ለደንበኞቹ የሚያድለውን ማይል ከአየር መንገዱ በጅምላ ስለሚገዛ ነው። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በረራዎችን ሲያስቆም ዩናይትድ አውሮፕላኖቹን ሳይሆን የማይል ፕሮግራሙን አስይዞ በቢሊዮን የሚቆጠር ብድር ወሰደ። በዚያ ወቅት ኩባንያው ለፕሮግራሙ የሰጠው ግምት 22 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የአየር መንገዱ አክሲዮን በሙሉ በገበያ የሚያወጣው ግን ከዚያ ያነሰ ነበር። ማይል በማተም የሚያተርፍና ጎን ለጎን ሰው የሚያጓጉዝ ድርጅት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ማን ይዘጋዋል የሚለው ይመጣል። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ነጋዴዎች የካርድ ወጪያቸውን ዋጋ ላይ ስለሚጨምሩት በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል አማካይ ቤተሰብ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች ሲያስተላልፍ፣ በካርድ የሚከፍለው ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር እንደሚቀበል አስሉ። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ነገሩን በገቢ ሳይሆን በካርድ አያያዝ ከፋፈለው። በካርድ ሽልማት ምክንያት በዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብልሃቱን ካላወቁት ወደሚያውቁት፣ በብዛትም ከድሃ ወደ ሀብታምና ካልተማረ ወደ ተማረ እንደሚሸጋገር ገመተ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ ምግብ ቤት ያለው ሐበሻ ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል፦ ለ60 ዶላር በያይነቱ አንድ ተስተናጋጅ የጉዞ ካርዱን ሲያቀርብ ከሒሳቡ ከአንድ ዶላር በላይ ለካርድ ይሄዳል። ተስተናጋጁ ነጥብ ያገኛል፤ ባለቤቱ ዋጋ ይጨምራል፤ ቀጣዩ ተስተናጋጅ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። ቦነስ ማውጣት ሕጋዊ ነው፣ ነውርም የለበትም፤ ከሰማይ የወረደ ገንዘብ ነው ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው።

አሁን ወደ ስልቱ። ከሁሉም የሚቀድመው ክሬዲት ስኮር ነው፤ ደህና ቦነስ ያላቸው ካርዶች ያለ ደህና ስኮር አይሰጡም። ፋይኮ የተባለው በብዛት የሚሠራበት ስኮር 35 በመቶው በወቅቱ መክፈል ላይ፣ 30 በመቶው ከተፈቀደው ገደብ ምን ያህሉ እንደተበላ ላይ፣ 15 በመቶው በታሪኩ ዕድሜ ላይ የቆመ ነው፤ አዲስ ብድርና የብድር ዓይነት 10፣ 10 በመቶ ይይዛሉ። አዲስ ካርድ በተጠየቀ ቁጥር ባንኩ ታሪክ ሲያይ ስኮሩ ጥቂት ነጥብ ይወርዳል፤ ጥያቄውም ለ2 ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል። ይሁንና በወቅቱ ለሚከፍል ሰው ያቺ ጥቂት ነጥብ በወራት ውስጥ ትመለሳለች፤ አዲስ ካርድ የተፈቀደውን ገደብ ስለሚያሰፋም ያልተበላው ድርሻ ያድጋል። በዲቪ ትናንት የገባ ሰው ግን ታሪክ የለውምና ገንዘብ አስይዞ በሚወጣ ካርድ መጀመር ወይም በዘመድ ካርድ ላይ ስሙን አስገብቶ ታሪክ ማጠራቀም አለበት። ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። የቤት መግዣ ብድር ሊጠይቅ የተዘጋጀ ሰውም ከመዝጊያው ዕለት በፊት ባሉት ወራት አዲስ ካርድ ከሚባል ነገር ይራቅ፤ በቦነስ የተገኘ ትኬት ለ30 ዓመት ከሚከፈል የወለድ ጭማሪ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል ነው፤ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ባንኮቹ ቦነስ አሳዳጆችን ለማገድ አጥር ሠርተዋል። የቼዝ አጥር በተጫዋቾቹ ዘንድ «አምስት በሃያ አራት» ይባላል፦ ባለፉት 24 ወራት ከየትኛውም ባንክ አምስት ወይም ከዚያ በላይ የግል ካርድ የከፈተ ሰው የቼዝን ካርድ አያገኝም። የአሜሪካን ኤክስፕረስ አጥር ሌላ ነው፤ አንድን ካርድ የያዘ ወይም ቀድሞ የነበረው ሰው የዚያኑ ካርድ ቦነስ ዳግም እንዳያገኝ ውሉ ይከለክላል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ጠነከረ፦ ፕላቲነምን ያወጣ ሰው በኋላ ከእሱ ዝቅ ያሉትን የጎልድን ወይም የግሪንን ካርድ ቦነስ ሊያጣ ይችላል። እነዚህ ሁለት አጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ መንገዱ ራሱ ይታያል። ከቼዝ መጀመር፣ አምስቱ ሳይሞሉ የሚፈለጉትን ማውጣት፤ ወደ አሜሪካን ኤክስፕረስ ሲመጣ ከታች ወደ ላይ መውጣት። ከሱቅ ደረሰኝ ላይ 15 በመቶ ቅናሽ ለማግኘት የሱቁን ካርድ የሚያወጣ ሰው ከአምስቱ ቦታ አንዱን በሸሚዝ ለወጠው ማለት ነው።

ባልና ሚስት በዚህ ጨዋታ ከሁለት ነጠላ ሰዎች ይበልጣሉ። አንደኛው ካርዱን ካወጣ በኋላ ሌላውን በመጋበዝ የጋባዥ ነጥብ ያገኛል፤ የተጋበዘውም የራሱን ቦነስ ይወስዳል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢያመለክቱ ግን የጋባዡ ነጥብ ይቀራል፤ የቤቱ ወጪም ለሁለቱ ቦነስ የሚጠየቀውን የግዢ መጠን በአንድ ጊዜ ለመሙላት ላይበቃ ይችላል። ተራ መጠበቅ ያዋጣል።

የንግድ ካርድ ለብቻው ማውሳት የሚገባው ነገር ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ በአሜሪካ ሕግ ዓይን በራሱ መኪና ለራሱ የሚሠራ ሾፌር ነጋዴ ነው። ድርጅት ሳያቋቁም፣ በራሱ ስምና በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ፣ የንግድ ክሬዲት ካርድ ሊያመለክት ይችላል። የቼዝና የአሜሪካን ኤክስፕረስ የንግድ ካርዶች በግል የክሬዲት መዝገብ ላይ እንደ አዲስ ካርድ ስለማይቆጠሩ ከአምስቱ ቦታ አንዱንም አይበሉም። ነዳጁ፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱ፣ የስልክ ሒሳቡ የሚጠየቀውን መጠን ለመሙላት ጥሩ መንገድ ነው። ገቢን ማጋነን ወይም የሌለ ሥራን መጻፍ ግን ለባንክ የሐሰት መረጃ መስጠት ነው፤ ያ ደግሞ ወንጀል ነው።

ቦነሱ የሚገኘው የተወሰነ ገንዘብ በተወሰነ ጊዜ ሲወጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ ከ3,000 እስከ 8,000 ዶላር። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ካርዱ በፖስታ ሲደርስ ሳይሆን ማመልከቻው በጸደቀበት ቀን ነው። ዓመታዊ ክፍያው ከመጠኑ ውስጥ አይቆጠርም፤ የተመለሰ ዕቃ ይቀነሳል። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት ልክ 4,000 ላይ ቆሞ ጫማ የመለሰ ሰው ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። ብልሁ መንገድ ካርዱን ከማይቀር ትልቅ ወጪ ጋር ማገጣጠም ነው፦ የመኪና ኢንሹራንስ በስድስት ወር አንዴ ሲታደስ፣ የልጅ የኮሌጅ ክፍያ ሲደርስ፣ ለሠርግ አዳራሽ ቀብድ ሲጠየቅ። ግብርም በካርድ ይከፈላል፤ የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት የፈቀደላቸው ተቀባዮች 2 በመቶ ያልሞላ ክፍያ ይጠይቃሉ። 4,000 ዶላር ግብር በካርድ መክፈል 70 ወይም 75 ዶላር ያስወጣል፤ በምትኩ 60,000 ነጥብ የሚገኝ ከሆነ ያዋጣል፣ ያለ ቦነስ ግን አያዋጣም። ዕቁብ በካርድ አይከፈልም፤ ይህ ለብዙ ቤት ትልቅ የወር ወጪ ከጨዋታው ውጭ ሆነ ማለት ነው።

ለኢትዮጵያውያን ለብቻ ጮክ ተብሎ ሊነገር የሚገባው ወጥመድ የገንዘብ ማስተላለፊያው ነው። በየወሩ ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልክ ሰው «ይህንን በካርዱ ብልክ መጠኑን እሞላለሁ» ብሎ ማሰቡ የሚጠበቅ ነው። የስልክ መተግበሪያዎቹም ክሬዲት ካርድ ይቀበላሉ። ነገር ግን ባንኮች እንዲህ ያለውን ክፍያ ብዙ ጊዜ ካሽ አድቫንስ፣ ማለትም ከካርድ የተወሰደ ጥሬ ገንዘብ፣ አድርገው ይመዘግቡታል። ያኔ አራት ነገር በአንድ ጊዜ ይደርሳል፦ ክፍያ ይቆረጣል፤ ወለዱ የእፎይታ ቀን ሳይኖረው ከዚያው ዕለት ይጀምራል፤ የወለዱ መጠን ከተለመደው ይበልጣል፤ ሲጨመርበት ደግሞ ወጪው ለቦነሱ አይቆጠርም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሐዋላው ከባንክ ሒሳብ ወይም ከዴቢት ካርድ ይሂድ፤ ክሬዲት ካርዱ አስቤዛውን ይክፈል።

ከተፈጥሮ ወጪ አልፈው ወጪን ራሱን የሚያመርቱም አሉ። የአሜሪካ የሳንቲም ማምረቻ ተቋም በ2008 የአንድ ዶላር ሳንቲምን ወደ ሕዝብ ለማስገባት ሲል ሳንቲሙን በላዩ በተጻፈው ዋጋ፣ ያለ መላኪያ ክፍያ፣ በክሬዲት ካርድ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ማይል ፈላጊዎቹ ሳንቲሙን በሺዎች ዶላር አዘው፣ በራቸው ላይ ተቀብለው፣ ካርቶኑን ሳይፈቱ ባንክ ወስደው አስገቡት፤ በገባው ገንዘብ ካርዱን ከፈሉ። መንግሥት ሳንቲሙን ወደ ገበያ ላከው፣ ሳንቲሙ በቀጥታ ወደ ባንክ ካዝና ተመለሰ። በ2011 ሐምሌ ተቋሙ ለዚህ ሽያጭ ክሬዲት ካርድ መቀበል አቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው ትውልድ ወደ ስጦታ ካርድ ዞረ። በቨርጂኒያ የሚኖሩ ባልና ሚስት በ2013 እና በ2014 በአሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው በአብዛኛው የስጦታ ካርዶችን ገዝተው፣ በእነሱም የገንዘብ ማዘዣ ገዝተው ባንክ እያስገቡ፣ ከ300,000 ዶላር በላይ ሽልማት ሰበሰቡ። ግብር ሰብሳቢው ሽልማቱ ገቢ ነው ብሎ ግብር ጠየቃቸው፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የግብር ፍርድ ቤቱ በ2021 በሰጠው ውሳኔ ለስጦታ ካርዶቹ ግዢ የተገኘው ሽልማት የዋጋ ቅናሽ እንጂ ገቢ አይደለም ብሎ ለጥንዶቹ ፈረደ፤ በቀጥታ ለተገዛው የገንዘብ ማዘዣ የተገኘው ግን ግብር ይከፈልበታል አለ። ውሳኔው አስደሳች ቢሆንም አርአያ መሆኑ ያጠራጥራል፤ ባንኮቹ ዛሬ እንዲህ ያለውን ግዢ በውላቸው ከቦነስ ያስወጣሉ፣ የሰጡትን ነጥብ ይነጥቃሉ፣ ሒሳብም ይዘጋሉ።

ስለ ግብር ከተነሳ፣ ተራው ባለ ካርድ ማወቅ ያለበት አጭር ነው። ገንዘብ አውጥተው ያገኙት ቦነስ እንደ ቅናሽ ስለሚታይ ግብር የለበትም። ሰው ጋብዘው ያገኙት ነጥብ ወይም የባንክ ሒሳብ በመክፈት ብቻ የተሰጠ ገንዘብ ግን እንደ ገቢ ይታያል፤ የግብር ቅጽ በፖስታ ሲመጣ መደንገጥ አይገባም።

ነጥቡ ተሰበሰበ እንበል። አሁን አዲስ አበባ እንዴት ይደርሳል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ታኅሣሥ ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ይህ አባልነት ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ሰው መንገድ ቀይሮታል፦ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ለመብረር የግድ የኢትዮጵያን ሼባማይልስ ማጠራቀም አያስፈልግም፤ የኅብረቱ አባላት የሆኑት የዩናይትድ ወይም የኤር ካናዳ ማይል ያው ወንበር ላይ ያስቀምጣል። የቼዝ ነጥብ ወደ ሁለቱም አንድ ለአንድ ይዛወራል። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ነጥብ ወደ ዩናይትድ አይሄድም፤ ወደ ኤር ካናዳው ኤሮፕላን ግን ይሄዳል። ካፒታል ዋን የተባለው ባንክም ወደ ኤሮፕላንና ወደ ተርኪሽ ያዛውራል፤ ተርኪሽ ራሱ በኢስታንቡል በኩል አዲስ አበባ ይበራል። በዶሃ በኩል መሄድ የሚመርጥ ሰው አቪዮስ የሚባለውን የኳታር አየር መንገድ ነጥብ ይመለከታል። ዩናይትድና ኤሮፕላን ደግሞ አንድ መልካም ጠባይ አላቸው፦ በማይል ትኬት ላይ የነዳጅ ጭማሪ የሚባለውን አይጭኑም፤ ሌሎች ፕሮግራሞች «ነጻ» ባሉት ትኬት ላይ በመቶዎች ዶላር ሲጨምሩ ይታያሉ።

ችግሩ ወንበሩ ነው። አየር መንገዶች ለሌላ ፕሮግራም ማይል የሚለቁት ወንበር ጥቂት ነው፤ ገናና ጥምቀት ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰብ ሁሉ ወደ አገር ቤት በሚጎርፍበት የክረምት ወራት ደግሞ ከጥቂትም ያንሳል። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ለሐምሌ በአንድ አውሮፕላን አምስት የማይል ወንበር ማግኘቱ ዕድል ነው። ሁለትና ሦስት ሆኖ በተለያየ ቀን መሄድ፣ ወይም ከአሥር ወር በላይ ቀደም ብሎ በረራው ለሽያጭ ሲከፈት መፈለግ ይሻላል። አንድ ሕግ ግን የማይጣስ ነው፦ ወንበሩ በዓይን ሳይታይ ነጥብ ከባንክ ወደ አየር መንገድ አይዛወር። ከተዛወረ በኋላ አይመለስም።

ወንበሩ ከተገኘስ ያዋጣል? ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ማካፈል ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በገንዘብ 1,300 ዶላር የሆነ የደርሶ መልስ ትኬት በማይል 80,000 እና 80 ዶላር ቀረጥ ከተጠየቀበት፣ ማይሉ የተካው 1,220 ዶላር ነው፤ ለ80,000 ሲካፈል እያንዳንዱ ማይል አንድ ሳንቲም ተኩል ሆነ። ቼዝ ያንኑ ነጥብ በጥሬ ገንዘብ ልለውጥ ቢሉት አንድ ሳንቲም ይሰጣል፤ ስለዚህ ትኬቱ ይሻላል። ትኬቱ ሲረክስና በ750 ዶላር ሲገኝ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ በገንዘብ ገዝቶ ነጥቡን ማቆየት ነው። «ለቢዝነስ ክላስ ስምንት ሺህ ዶላር የሚያወጣ ትኬት በነጻ አገኘሁ» የሚለው ዝነኛ ወሬ በሒሳብ ልክ ቢሆንም፣ ያንን ስምንት ሺህ ከኪሱ አውጥቶ በምንም ዓይነት ለማይከፍል ሰው ወሬ ብቻ ነው።

ነጥብ ማጠራቀም እንደ ቁጠባ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። ይህ አደገኛ ነው፤ የነጥቡን ዋጋ የሚተምነው ያው የሚያትመው ድርጅት ነውና። ዴልታ በ2015 የማይል ዋጋ ሰንጠረዡን ከደንበኛ ዓይን አነሳ፤ ዩናይትድ በ2019 ተከተለ፤ አሜሪካንም በ2023 በራሱ በረራዎች ላይ ያንኑ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ወንበር ዋጋ በማይል ስንት እንደሆነ የሚታወቀው በተፈለገበት ደቂቃ ብቻ ነው። በ2024 መስከረም የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ዴልታን፣ አሜሪካንን፣ ዩናይትድንና ሳውዝዌስትን የማይል ዋጋን እንዴት እንደሚቀይሩ እንዲያስረዱ በደብዳቤ ጠይቋል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ግን ደብዳቤ አልጠበቁም፦ ነጥቡን ወደ ብዙ አየር መንገድ መዛወር በሚችልበት በባንኩ ሒሳብ ያቆያሉ፣ የሚሄዱበትን አስቀድመው ይወስናሉ፣ ባገኙበት ዓመት ይጠቀሙበታል።

ከአሜሪካ ውጭ ያለ አንባቢ ይህን ሁሉ በቅናት ቢያነብ ምክንያት አለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣው ደንብ ባንኮች ከነጋዴ የሚወስዱትን በግል ክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ፣ በዴቢት 0.2 በመቶ ላይ ገደበው፤ ስለዚህ በፍራንክፈርት ወይም በሮም የሚኖር ሰው በአሜሪካ የሚታየውን ዓይነት ቦነስ አያይም። አሜሪካ ውስጥም የዴቢት ካርድ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። በሴናተር ዲክ ደርቢን ስም የሚጠራው የ2010 ድንጋጌ በትልልቅ ባንኮች ዴቢት ካርድ ላይ የሚቆረጠውን በ21 ሳንቲም ገደማ ሲወስነው የዴቢት ሽልማቶች በአብዛኛው ጠፉ። ደርቢን በ2022 ከሴናተር ሮጀር ማርሻል ጋር ለክሬዲት ካርድ ሌላ ረቂቅ አቀረቡ፤ ባንኮችና አየር መንገዶች በአንድነት ዘመቱበት። ረቂቁ ሕግ ቢሆን ትኬቱ የሚታተምበት ገንዘብ እንደሚሳሳ ተቃዋሚዎቹ ይናገራሉ፤ ደጋፊዎቹ ግን በዚህ አይስማሙም።

ቦነሱ ከተበላ በኋላ ካርዱ ምን ይሁን? ብዙ ሰው ገንዘብ የሚጥለው በዚህ በሁለተኛው ዓመት ደጃፍ ላይ ነው። ካርድ በዓመቱ ሳይሞላ መዝጋት በባንኩ ዓይን ያስገምታል፤ አሜሪካን ኤክስፕረስ በ12 ወር ውስጥ የተዘጋን ካርድ ቦነስ ሊነጥቅ እንደሚችል በውሉ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓመታዊ ክፍያ ሒሳቡ ላይ እስኪወጣ መጠበቅና ወዲያው ስልክ መደወል ነው። አንዳንዴ ባንኩ ደንበኛውን ለማቆየት ነጥብ ወይም ቅናሽ ያቀርባል። ካላቀረበ፣ ቼዝ ላይ ካርዱን ክፍያ ወደሌለው ፍሪደም ካርድ ማስለወጥ ይቻላል፤ የካርዱ ዕድሜ ለስኮሩ ይቀጥላል፣ እንደ አዲስ ካርድም አይቆጠርም፣ ነጥቡም አይጠፋም። ወደ ዩናይትድ ማዛወር ግን ክፍያ ያለው ካርድ ስለሚጠይቅ ዝውውሩ ከለውጡ ይቅደም። አሜሪካን ኤክስፕረስ ላይ ደግሞ ነጥብ የሚያጠራቅም ሌላ ካርድ ሳይኖር የመጨረሻውን መዝጋት ነጥቡን በሙሉ ያጠፋል። ክፍያው ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ ካርዱ ከተዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል፤ በ31ኛው ቀን የደወለ ለምሳሌ የፕላቲነምን 895 ዶላር ከፍሎ ለተጨማሪ 11 ወር የካርዱ ደንበኛ ሆኖ ይቀጥላል።